የድሮው ሊንክ እንዳይሰበር፦ የዩአርኤል ፓርሰር ሲቀየር ምን ይደረግ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አዝዣለሁ። ስልኬ ጮኸ። ቲኬት የሚያነበውን ፕሮግራም የሠራሁላቸው፣ የጀልባ ቲኬት የሚቆርጡት ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ነገርህ ቲኬቱን አላውቀውም ይላል እኮ። ሰዉ ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ፀሐይ ላይ ቆሟል።»

ዘጌ የሚሻገሩ እንግዶች ናቸው። ማኪያቶው ሳይመጣ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ማታ ሰርቨሩ ላይ ፒኤችፒን (ፕሮግራሙን የጻፍኩበትን ቋንቋ) ከ7.4 ወደ 8 ከፍ አድርጌ ነበር። ከራሴ ኮድ ግን አንዲት መስመር አልነካሁም።

ጥፋቱ የተገኘው አንዲት ጥያቄ ምልክት ላይ ነው። በየካርዱ ላይ የታተመው ኪውአር ኮድ ውስጥ ያለው ሊንክ መጨረሻው «?» ነው። ካርዶቹን ያወጣሁበት የድሮ ስክሪፕት ኩዌሪ (ከ«?» በኋላ የሚመጣው የሊንኩ ክፍል) ኖረም አልኖረም ጥያቄ ምልክት ይለጥፍ ነበር። የራሴ ስንፍና ነው፣ ማንንም አላማም። ስካነሩ ሊንኩን እንዳለ ወደ ሰርቨር ይልካል። እስከ 7.4 ድረስ የፒኤችፒው ፓርሰር፣ ማለትም ሊንክን በየክፍሉ ለይቶ የሚያነበው ፓርስ_ዩአርኤል ፋንክሽን፣ ባዶ ኩዌሪ ሲያይ «የለም» ብሎ ያልፈዋል። ከ8.0 ጀምሮ ግን «አለ፣ ባዶ ነው» ይላል። የኔ ኮድ ደግሞ ኩዌሪ ካለ የቡድን ቲኬት ነው ብሎ የቡድኑን ቁጥር ይፈልጋል። ባዶ ቁጥር ፈለገ፣ አጣ፣ «አላውቀውም» አለ።

ፒኤችፒ ተሳሳተ እንዳልል፣ ትክክሉ አዲሱ ነው። በስታንዳርዱ ባዶ ኩዌሪና የሌለ ኩዌሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግን ትክክል መሆኑ ፀሐይ ላይ ለቆመው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ከዚያ ወዲህ ፓርሰር በቀየርኩ ቁጥር የምከተለውን አሠራር ነው የምጽፍላችሁ። ምሳሌ የሚሆኑትን ሊንኮች በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ኮዳችሁ ውስጥ በላቲን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ፓርሰራችሁ የማንን ሕግ እንደሚከተል እወቁ

«ስታንዳርዱ» ሲባል አንድ ይመስላል። ሁለት ነው፤ ከሁለቱም ውጭ ደግሞ ማንንም የማይከተል ሠራዊት አለ።

የመጀመሪያው በተርታ የመጣው ነው። አርኤፍሲ የሚባሉት የኢንተርኔት ደንብ የሚጻፍባቸው ሰነዶች ናቸው። በታኅሣሥ 1994 አርኤፍሲ 1738 ወጣ። በነሐሴ 1998 አርኤፍሲ 2396 አሻሻለው። በጥር 2005 ቲም በርነርስ-ሊ፣ ሮይ ፊልዲንግና ላሪ ማሲንተር የጻፉት አርኤፍሲ 3986 ተካው። ይኼ ሰዋስው ነው። ሊንኩ ከሰዋስው ከወጣ «ይኼ ዩአርኤል አይደለም» ይላችኋል።

ሁለተኛው ብራውዘር ሠሪዎቹ የተሰባሰቡበት ዋት-ደብሊውጂ የሚያዘጋጀው ነው። የቨርዥን ቁጥር የለውም፤ ሁልጊዜ ይታደሳል። ይኼኛው አዛኝ ነው። አብዛኛውን የተበላሸ ሊንክ አይመልስም፣ እንዴት እንደሚጠገን አንድ በአንድ ይነግራችኋል። መሐል የገባ አዲስ መስመር ወይም ታብ ካለ ያወጣዋል። ጫፍና ጫፍ ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጣል። «\» ካየ እንደ «/» ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው የድሮው ፋንክሽን ነው። ፓርስ_ዩአርኤል ከፒኤችፒ 4 ጀምሮ አለ፤ ከሁለቱ አንዱንም ሙሉ በሙሉ አይከተልም። ፒኤችፒ 8.5 በኅዳር 2025 ሲወጣ ሠሪዎቹ ምን እንዳደረጉ እዩ። የድሮውን አልነኩትም። ከጎኑ ሁለት አዳዲስ ክላሶች አስቀመጡ፤ አንዱ ለአርኤፍሲ 3986፣ ሌላው ለብራውዘሩ ስታንዳርድ። አንዱን መርጠው «ትክክሉ ይኼ ነው» አላሉም። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ምርጫውን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። ሊንኩን መጨረሻ ላይ የሚከፍተው ብራውዘር ከሆነ የብራውዘሩን ስታንዳርድ ያዙ። ሰርቨር ከሰርቨር ጋር የሚያወራበት ከሆነና ሊንኩን የሚያመርተው እናንተ የምታውቁት ፕሮግራም ከሆነ አርኤፍሲው ይሻላል።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ግን አንድ ነገር አለ። የአርኤፍሲ 3986 ሰዋስው ከአስኪ (ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከጥቂት ምልክቶች) ውጭ ያለ ፊደል አይቀበልም። «ኤችቲቲፒኤስ://ጣና.ምሳሌ/ደቅ» የሚለውን እንዳለ ብትሰጡት ይጥለዋል። የብራውዘሩ ስታንዳርድ ሆስቱን (የጣቢያውን ስም) ወደ ፑኒኮድ (በላቲን ፊደል ወደሚጻፍ መልኩ)፣ ፓዙን (ከስሙ በኋላ ያለውን መንገድ) «%» ወዳለበት የፐርሰንት ጽሑፍ ለውጦ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ጥብቁን ከመረጣችሁ ፊደሉን ቀድማችሁ ራሳችሁ ለውጡ።

2. ሊንክ ከሕይወት ሰብስቡ

ከጭንቅላታችሁ ቴስት አትጻፉ። ጭንቅላታችን የሚያመርተው ንጹሕ ሊንክ ነው። የአንድ ወር ሎግ (የሰርቨሩን መዝገብ) ክፈቱ፣ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡትን አውጡ፣ የታተመ ነገር ካለ ስካን አድርጉ። ስልክ ቁጥርና የሰው ስም ካለባቸው አጥፉት።

እኔ ያገኘሁትን ላሳያችሁ።

በአራት ነጥብ የሚያልቅ ሊንክ ሞልቷል። ሰው መልእክቱን በሥርዓት ጽፎ ሊንኩን መጨረሻ ላይ ያደርግና «።» ይዘጋበታል፤ ተቀባዩ ኮፒ ሲያደርግ አራት ነጥቡን አብሮ ይወስደዋል። የብራውዘሩ ስታንዳርድ «።» የሊንኩ አካል ነው ይላል፣ አርኤፍሲው ሊንኩን ይጥለዋል፤ ፓርሰር አይቆርጥላችሁም። ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድሮ «፡፡» የሚጽፈውም አለ፤ እሱንም አስቡት።

ቀጥሎ ሁለቴ የተለወጠ ሊንክ። ባዶ ቦታ «%20» ይሆናል። አንዱ ፕሮግራም ይኼንን እንደገና ሲለውጠው ፐርሰንቱ ራሱ «%25» ይሆንና «%2520» ይወጣል። አንድ ጊዜ ብትፈቱት ባዶ ቦታ ሳይሆን «%20» የሚል ጽሑፍ ነው የምታገኙት። ሁለቴ ልፍታው የሚል ፈተና ይመጣባችኋል። እንዳታደርጉት፤ በትክክል የተጻፈውን ሌላውን ሊንክ ታበላሻላችሁ።

የማልረሳው ግን የከተማችንን ስም ነው። «ባሕር» እና «ባህር»። መዝገበ ቃላቱ በሐመሩ ሐ ይላል። ታፔላውና ቴሌግራሙ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። ሰው ሁለቱንም አንብቦ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩ አይደርስም። ሁለቱ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች አንድ ናቸው። ሦስተኛው ላይ፣ በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር፣ «ህ» 85፣ «ሕ» 95 ነው። ልዩነቷ ያቺ ብቻ ናት፤ ሊንኩ ግን ሌላ ሊንክ ነው። የዩኒኮድ ማስተካከያም ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። ሁለት አጻጻፍ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ የናንተ ሥራ ነው፣ ከፓርሰሩ በኋላ፣ በራሱ ሰንጠረዥ። ፓርሰሩ ውስጥ እንዳትከቱት።

ከዚህ ሌላ የተዘጋጀ የፈተና ክምር አለ። አርኤፍሲ 3986 ክፍል 5.4 ላይ የተዘረዘሩ ምሳሌዎች አሉ። ለብራውዘሩ ስታንዳርድ ደግሞ ዌብ ፕላትፎርም ቴስትስ ውስጥ ትልቅ ዝርዝር ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ውሰዱ፤ የራሳችሁን ቆሻሻ ግን አይተኩም።

3. የድሮውን ጠባይ እንዳለ መዝግቡ

የሰበሰባችሁትን ሁሉ በድሮው ፓርሰር አሳልፉና ውጤቱን በፋይል አስቀምጡ። ምን ማለት እንደነበረበት አትጻፉ፣ ያለውን ጻፉ። ስሕተት ቢሆንም። ስኪም (መነሻው ላይ ያለው «ኤችቲቲፒኤስ»)፣ ሆስት፣ ፖርት (ከሆስቱ ቀጥሎ ከ«:» በኋላ ያለው ቁጥር)፣ ፓዝ፣ ኩዌሪ፣ ፍራግመንት (ከ«#» በኋላ ያለው)፣ ለእያንዳንዱ አንድ ኮለም። «የለም» እና «ባዶ» ግን ለየብቻ ምልክት ይኑራቸው። ሁለቱንም ባዶ ሕዋስ አድርጋችሁ ብታስቀምጡ የኔን ቅዳሜ ትደግሙታላችሁ።

4. ሁለቱን ጎን ለጎን አስሂዱ

አዲሱን አስገቡ፣ ግን መልስ እንዲሰጥ አትፍቀዱለት። ሊንክ ሲመጣ ሁለቱም ያንብቡት፤ ሥራ ላይ የሚውለው የድሮው መልስ ይሁን። ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ሎግ ላይ ጻፉ። አዲሱ ቢወድቅ እንኳ ጥያቄው እንዳይወድቅ አድርጉ፤ አዲሶቹ ፓርሰሮች የተበላሸ ሊንክ ሲያዩ ስሕተት ይወረውራሉ፣ የድሮዎቹ ዝም ይላሉ።

ለምን ያህል ጊዜ? የሥራችሁን ዑደት የሚሸፍን ያህል። እኛ ጋ ጥምቀትና ፋሲካ ሲደርስ የሚመጣው ሊንክ ከሌላው ጊዜ አይመሳሰልም፤ አስጎብኚዎች ያምና ሊንካቸውን ከየት እንደሚያወጡት እንጃ። ስለዚህ አንድ በዓል ያካተተ ጊዜ ጠበቅኩ።

5. ልዩነቶቹን በሦስት ከረጢት ክተቱ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። «ስታንዳርድ ወይስ የድሮው» ብሎ በጅምላ የሚወስን ሰው አንዱ ጋ ይሳሳታል። እያንዳንዱ ልዩነት ምን እንደሚነካ ጠይቁ።

አንደኛው ከረጢት ሆስቱን የሚቀይር ነው። እዚህ ርኅራኄ የለም፤ ዛሬውኑ ይስተካከል፣ የሚሰበረው ይሰበር።

ምሳሌ። ደንበኛ ከከፈለ በኋላ ወደ መጣበት ገጽ እንመልሰዋለን። የምንመልሰው ወደ ራሳችን ሆስት ብቻ መሆኑን እናረጋግጣለን። አሁን ይኼ ይምጣ፦

ኤችቲቲፒኤስ://ሌባ.ምሳሌ\@ጀልባ.ምሳሌ

ብዙ የድሮ ፓርሰሮች እስከሚቀጥለው «/» ድረስ ያለውን ሁሉ አንድ አድርገው ይይዙና ከ«@» በፊት ያለውን የተጠቃሚ ስም ያደርጉታል። ሆስቱ ጀልባ.ምሳሌ ነው ይላሉ። የኛ ነው፣ ይለፍ። ብራውዘሩ ግን «\» ን «/» አድርጎ ያነባል። ለሱ ሆስቱ ሌባ.ምሳሌ ነው። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ ሌባ ቤት ገባ። በር ላይ ያለው ጥበቃና ውስጥ ያለው አስተናጋጅ አንዱን መታወቂያ ለየብቻ ካነበቡት ጥበቃው ኖረም አልኖረም ያው ነው።

ሌላም አለ። 2130706433 የሚል ቁጥር ሆስት ሆኖ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? የድሮው ፓርሰር ቁጥሩን እንዳለ ይመልሳል። በብራውዘሩ ስታንዳርድ ይኼ 127.0.0.1 ነው፤ ማለትም የራሳችሁ ሰርቨር። 127.1 ተብሎ ቢጻፍም ያው። 0177.0.0.1 ተብሎ ቢጻፍም ያው፤ በዜሮ የጀመረውን በስምንት ቤት ነው የሚያነበው። «127.0.0.1 ክልክል ነው» ብላችሁ ጽሑፍ ከጽሑፍ የምታወዳድሩ ከሆነ ሦስቱም ከጎናችሁ ያልፋሉ።

መድኃኒቱ አንድ ነው። የሚፈትሸውና የሚሄደው አንድ ፓርሰር ይሁን። ካነበባችሁ በኋላ ጥሬውን ጽሑፍ ለሌላ ላይብረሪ አታቀብሉ፤ ከተነበበው ላይ ሊንኩን እንደገና ገንብታችሁ እሱን አቀብሉ።

ሁለተኛው ከረጢት የተቀመጠ ነገርን የሚነካ ነው። አዲሱ ፓርሰር ሆስቱን ወደ ትንሹ የላቲን ፊደል ይቀይራል። በኤችቲቲፒኤስ ላይ «:443» ካለ ይጥላል፤ በኤችቲቲፒ ላይ «:80»። ፓዝ ከሌለ «/» ይጨምራል። ሁሉም ልክ ነው፤ ሊንኩ የሚወስደው እዚያው ነው። ግን ሊንኩን ዳታቤዝ ውስጥ ቁልፍ አድርጋችሁት ከሆነ ትናንት አንድ የነበረው ዛሬ ሁለት ይሆናል። ወይ ካሹ (ለፍጥነት የተቀመጠው ቅጂ) ባዶ ይሆናል፣ ወይ ፊርማ የተፈረመበት ሊንክ ፊርማው አልገጥም ይላል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ኮለም አትንኩት። ከጎኑ አዲስ ኮለም ክፈቱ፣ የተስተካከለውን እዚያ ጻፉ፣ የቆየውን ሁሉ ቀስ በቀስ ሙሉ። ስትፈልጉ መጀመሪያ በአዲሱ፣ ካጣችሁ በድሮው ፈልጉ።

የኮለሙን ርዝመትም እዩ። አንድ የግዕዝ ፊደል በፐርሰንት ሲጻፍ 9 ምልክት ይወስዳል። «ደጋ-እስጢፋኖስ» ስክሪን ላይ 9 ምልክት ነው፤ ተለውጦ ሲጻፍ 73 ይሆናል። 255 ምልክት የሚይዝ ኮለም 28 ፊደል ላይ ይሞላል። ዳታቤዙ ዝም ብሎ የሚቆርጥ ዓይነት ከሆነ ሊንኩ ከወገቡ ይቆረጥና ማንም አያውቅም። ኪውአር ኮዱም እንደዚያው ነው፤ ነጥቦቹ ይጠቀጠቁና ስካነሩ ያቃስታል።

ሦስተኛው ከረጢት መልክ ብቻ የሚቀይረው ነው። ተዉት። ማንም ያልጠየቀውን ለማሳመር ማንንም አታስቸግሩ።

6. የድሮውን ስም አትቀሙ

አዲሱን ፋንክሽን በአዲስ ስም አውጡት። የድሮው ስም የድሮውን ጠባይ ይዞ ይቀጥል፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት። ፒኤችፒም በ8.5 የድሮውን ስም እንዳለ ተወው። ኖድም (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) አዲሱን የዩአርኤል ክላስ ከድሮው አጠገብ አስቀመጠ፤ ከቨርዥን 10 ጀምሮ ያለ ኢምፖርት ይገኛል፣ የድሮው ግን ወዲያው አልተባረረም።

አንዳንዴ ግን ነባሪውን (ማንም ካልነካው የሚሠራውን) መቀየር ግድ ይሆናል። የድርብ ሰረዟ ታሪክ እዚህ ትጠቅማለች። የፈረንጆቹ «;» ማለቴ ነው። በ1999 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.01 ሰርቨሮች ኩዌሪ ሲለያዩ ከ«&» ሌላ «;» ንም እንዲቀበሉ መክሮ ነበር። ሰዎች ሰሙት። በኋላ የብራውዘሩ ስታንዳርድ «&» ብቻ አለ። ካሹ አንድ መንገድ፣ ሰርቨሩ ሌላ መንገድ ሲያነብ በመሐል መርዝ የሚያስገባ ሰው መጣ። በየካቲት 2021 የፓይተን ቋንቋ ነባሪውን «&» ብቻ አደረገ፤ ሌላ መለያ የሚፈልግ ራሱ ጠቅሶ እንዲያስገባ ቦታ ሰጠው። በነሐሴ 2021 የወጣው የጎ ቋንቋ 1.17ም «;» ን መቀበል አቆመ፤ የድሮ ሊንክ ላለበት ሰው ግን «ድርብ ሰረዝ ይፈቀድ» የሚል መጠቅለያ አብሮ አወጣ። ነባሪው ጥብቅ፣ መክፈቻው በእጃችሁ።

እንዲህ ያለው ማባበል ለስታንዳርዱም እንግዳ አይደለም። አርኤፍሲ 3986 ክፍል 5.4.2ን እዩ። ስኪሙ ተጽፎ ስላሾቹ የቀሩበት አንጻራዊ ሊንክ አለ፣ «ኤችቲቲፒ:ደቅ» እንደማለት። ሰነዱ ሁለት መልስ ይሰጠዋል። ለጥብቅ ፓርሰር እንዳለ ይቀመጥ፤ የድሮውን ላለመስበር ደግሞ ስኪሙ እንዳልተጻፈ ተቆጥሮ ከመነሻው ሊንክ ጋር ይገጠም ይላል። ሕጉ ራሱ የጎን በር ትቷል።

ለመክፈቻችሁ ግን ማብቂያ ቀን ጻፉለት፣ ኮዱ ውስጥ። ቀን የሌለው ጊዜያዊ ነገር ከሁላችንም በላይ ይኖራል።

7. የጎን በሩን በር ላይ ሥሩት

የድሮውን የሚያባብለው ኮድ ሊንኩ የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ይሁን። ውስጥ ለውስጥ «ከድሮው ካርድ ከሆነ…» እያላችሁ በየፋይሉ አትበትኑት።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼን «አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» ብዬ የሠራሁት ሦስት መስመር ነው። ፓዙ የታተሙት ካርዶች በሚጠቀሙበት ቃል ከጀመረ፣ ኩዌሪው ካለና ባዶ ከሆነ፣ እንደሌለ ቁጠረው። ሌላው ሊንክ ሁሉ በአዲሱ ሕግ ይሂድ። አራተኛ መስመር የጨመርኩት ሰኞ ነው፤ በዚህ በር የገባውን ሁሉ የምትቆጥር።

እንግዶቹ ተሳፈሩ። ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

ቆጣሪዋ መጀመሪያ ሰሞን በቀን ብዙ ትቆጥር ነበር። አዲስ ካርድ ካሳተምን በኋላ እየቀነሰች ሄደች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበረች። በሩን ልዝጋው ብዬ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድኩ። ጋሼ መሳቢያቸውን ስበው በላስቲክ የታሠረ አንድ እስር የድሮ ካርድ አወጡና፣ «ይኼስ ይጣል እንዴ? ገንዘብ እኮ ወጥቶበታል» አሉኝ።

ማብቂያ ቀኑን በሦስት ወር ገፋሁት።